ሁለተኛው ሾፌር

ልጄ ኪራ መንጃ ፈቃድ ባወጣች በሦስተኛው ሳምንት መኪና የሚባል ነገር ማየት አስጠልቶኝ ነበር። የምሠራበትን ሞቴል አስራ አራት ክፍሎች አጽድቼ ከሰዓት ቤት ስገባ ኪራ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ "እማ፣ አንድ አገኘሁ" ትለኛለች። የመኪናውን ታርጋ ታስገባና የኢንሹራንሱ ጥያቄ ይጀምራል። የሾፌሯ ዕድሜ ስንት ነው? አስራ ዘጠኝ። መንጃ ፈቃድ ከያዘች ስንት ዓመቷ ነው? ዜሮ። መኪናው የት ነው የሚያድረው፣ ጋራዥ፣ ግቢ ውስጥ ወይስ መንገድ ላይ? በሃምሳ ዓመቴ የት እንደማድር እንዲህ ተጨንቆ የጠየቀኝ ሰው የለም። በመጨረሻ ዋጋው ብቅ ይላል፣ ኪራ ኮምፒውተሯን ትዘጋለች፣ እኔም ጫማዬን አወልቃለሁ።

ነገሩ የቅንጦት አልነበረም። ደቦ ከተማ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተለማማጅ ነርስ ሆና ተቀጥራለች። ሥራው በመጋቢት የመጀመሪያ ሰኞ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ከእኛ ከጊልጋንድራ እስከዚያ ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚሄድ አውቶቡስ የለም። አለቃዋ በቃለ መጠይቁ ቀን "መኪና አለሽ?" ብላ ስትጠይቃት "አለኝ" ብላ መጥታለች። ውሸቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሸቷን እውነት ለማድረግ ሁለታችንም መከራችንን እናያለን።

የእኔ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ሳይገባ ቁልፍ የለም። ባሌ ዴሪል በወጣትነቱ ያለ ኢንሹራንስ ሲነዳ የሰው አዲስ ፒክአፕ ገጭቶ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲከፍል ኖሯል። ያገባሁት እሱን ከነዕዳው ነው። የደቦ መንገድ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ካንጋሮ የሚፈስበት መንገድ ነው፤ አንድ ክረምት ሳይገጭ ያለፈ ሰው አላውቅም። ዴሪል አሁን ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ። ስለዚህ መኪና ፍለጋው የእኔና የልጅቷ ዕዳ ሆነ።

ኪራ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት ድንች ስትጠብስ ያጠራቀመችው ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር አላት። መኪናው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም ከዚያው ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የወደደችው አንድ ዝቅ ያለች ሰማያዊ መኪና ነበረች። አየናት፣ አማረችን፣ ከዚያ ሞተሯ ቱርቦ መሆኑን ሰማን። መኪናው ላይ ቀዩን የጀማሪ ምልክት፣ ፒ የምትለዋን ፊደል፣ የለጠፈ ሰው ደግሞ እንደዚያ ዓይነቱን መንዳት በሕግ ተከልክሏል። ሁለተኛዋ በረዶ የመታት ናት። ኮፈኗና ጣሪያዋ በሙሉ ጎድጎድ ብሏል፤ ከዚያ በቀር ሞተሯ ጤነኛ፣ ዋጋዋም በግማሽ የቀነሰ ነበር። የጠየቅናቸው ኢንሹራንሶች በሙሉ አንፈልጋትም አሉ። ሦስተኛዋ በሦስት ሺህ ዶላር የሚሸጡልን አሮጌ መኪና ናት። ኢንሹራንሷ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ መጣ። ኪራ ያን ዕለት ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቂያው አልታየኝም።

ምክር የማይሰጠን ሰው አልነበረም። ጸጉሬን የምትቆርጠኝ ሴት ሳትቀር "በአንቺ ስም አድርጊዋ፣ ዋናዋ ሾፌር እኔ ነኝ በይ፣ ግማሽ በግማሽ ይቀንስልሻል" አለችኝ። እኛ ሰፈር እንደዚያ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። ልጃቸው ካንጋሮ ገጨች፣ ኢንሹራንሱ "ይህን መኪና በየቀኑ ወደ ሥራ የሚነዳው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ፣ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። አምስት ሳንቲም አልከፈላቸውም። እኔ ለመዋሸት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

አሁን ስለ ሌስ ልናገር። ሌስ ፕሪዊት የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል፤ እኔንም እያመላለሱ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ዳፍኒ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለዳፍኒ የገዙላቸው ነጭ ኮሮላ ጋራዣቸው ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ውጭ አድርጋ ትቆማለች፤ ከተገዛች አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የሄደችው ግን ሃምሳ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ። ኪራ ለመንጃ ፈቃዱ መሙላት ከነበረባት መቶ ሃያ ሰዓት ልምምድ ውስጥ አርባ ሦስቱን የነዳችው በዚያች መኪና ነው። እኔ ሞቴል ስሆን ሌስ ባርኔጣቸውን ጭነው ጋቢና ይቀመጣሉ፣ ሲመለሱ የልምምድ ደብተሯ ላይ ይፈርማሉ። "ቀይዋ ፒ" የሚል ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው፤ ገና ፒውን ሳትለጥፍ።

ሌስ በሚያዝያ ሰማንያ አምስት ሊሞሉ ነበር። በእኛ አገር ሰማንያ አምስት የሞላው ሰው ወይ መንገድ ላይ እንደገና ተፈትኖ ያልፋል፣ ወይ ከቤቱ አስር ኪሎ ሜትር ብቻ የሚያስነዳ ትንሽ ፈቃድ ይቀበላል። አንድ ሽማግሌ ወደዚያ ዕድሜ ሲቃረብ ታዲያ ከተማው በሙሉ ስለ ጤናው ማሰብ ይጀምራል። "ዓይናቸው እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ጉልበታቸውስ? አሁንም ይነዳሉ?" ስለ ዓይናቸው አይደለም የሚጠይቁኝ። የሽማግሌ መኪና ማለት ለጀማሪ ልጅ የሚፈለገው ማለት ነው፤ ትንሽ ሞተር፣ ያልተገጨ፣ በሰዓቱ ዘይቱ የተቀየረ፣ ኢንሹራንስ የማይፈራው። የፋርማሲው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። አንዷማ ለልደታቸው ብላ፣ ገና ሁለት ወር ሲቀረው፣ ኬክ ይዛላቸው ሄዳለች።

እኔ እነዚህን ሰዎች እንቃቸው ነበር። ሥራው ሊጀመር አስራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ኪራ ገላዋን እየታጠበች ሳለ የሌስን ታርጋ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባሁት። አስራ አምስት ዓመት በመስኮቴ ሲያልፍ ያየሁት ታርጋ ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጥያቄዎቹን መለስኩ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ዶላር መጣ። ከሁለት ሺህ በታች ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። ከዚያ የባሰውን አደረግሁ፤ ተነስቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁና ሽማግሌው ወደ ፈተናው ቀደም ብለው ሄደው ቢወድቁ ብዬ ተመኘሁ። ምን ልደብቅ፣ ተመኝቻለሁ።

መዝጋቱን ረሳሁት። ኪራ ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ መጥታ ተቀመጠችና አየችው።

"እማ፣ ይሄ የሌስ ታርጋ ነው።"

"ነው" አልኳት።

"ሊሸጡት ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"እየጠበቅሻቸው ነው ማለት ነው" አለችኝ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ፎጣውን ወንበር ላይ ጥላ በጓሮ በር ወጣች። ንፋስ ልትቀበል የወጣች መስሎኝ ሳህኖቼን ማጠብ ጀመርኩ። እሷ ግን አጥሩን ዞራ ሌስ ዘንድ ሄዳ የሠራሁትን በሙሉ ነግራቸዋለች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ኪራ ከኋላቸው ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻይ አፈላሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ። ሌስ ሁለት ስኳር አድርገው አማሰሉ፣ አማሰሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ስንት መጣ?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ኢንሹራንሱ ነዋ፣ ጃኔል።"

"አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ።"

"ለእሷ ደህና ነው። የፋርማሲው ሰውዬ ለልጁ ሁለት ሺህ መጥቶበታል። መድኃኒቴን ሊያመጣ ዞር ሲል የእኔን ታርጋ አስገብቶ ባንኮኒው ላይ ከፍቶት አየሁት።"

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ የመኪና አስተማሪ ከፍለው የሙከራ ፈተና ወስደው ነበር። እስከ ጎተራው አደባባይ ድረስ ደህና ነዱ። አደባባዩ ላይ ከቀኝ አንድ የእህል መኪና እየመጣ ነበር። አስተማሪው ነው ፍሬን የያዘው። "ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ጭኜ ነዳሁ" አሉ። "መኪናውን አላየሁትም። ቢታየኝና ባጠፋ ይሻለኝ ነበር። የቤት ያህል መኪና ጭራሽ አላየሁትም።" ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። ስለዚህ ፈተናውን ትተው ትንሹን ፈቃድ ሊቀበሉ ወስነዋል። በአስር ኪሎ ሜትር ውስጥ ያላቸው ፖስታ ቤቱ፣ ክለቡና ዳፍኒ የተቀበሩበት መካነ መቃብር ነው።

መኪናውን ለኪራ በአምስት ሺህ እንደሚሰጧት ነገሩን። ኪራ ዘጠኝ ሺህ እንደሚያወጣ ልታስረዳቸው ጀመረች።

"ቀይዋ ፒ፣ ሰው ሲቀንስልሽ አትከራከሪ" አሏት። "አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። በወረቀቱ ላይ ስሜ ይኑር።"

"ሊብሬው ላይ?" አልኩ እኔ።

"ሊብሬውን ታዙረው፣ የእሷ ነው። ኢንሹራንሱ ላይ ነው የምላችሁ። ሾፌር ተብዬ። ከአስራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስሜ ያልተጻፈበት ቀን የለም።"

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ሳብኩና ሁለተኛ ሾፌር ብዬ ዕድሜያቸውን አስገባሁ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ስድስት ሆነ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ዶላር ጨመረ፤ ለሞቴል ክፍል የሚከፈለኝን አውቃለሁና ስንት አልጋ እንደማነጥፍበት ወዲያው ገባኝ። ጠረጴዛው ስር የኪራን እግር ረገጥ አደረግሁ። ኪራ አልተነቃነቀችም። እኔም ዝም ማለት አቅቶኝ፣ ቁልፍ ከሰጠናቸው ባሰኛቸው ቀን መንዳት እንደሚችሉ፣ ስሙ ያን ያህል እንደማያስፈልግ ለማለት ሞከርኩ።

"ቁልፍማ ለአትክልተኛም ይሰጣል" አሉ ሌስ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ማዞር ጀመሩ። እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። በዳፍኒ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ አልሆኑም።

ከሰማንያ ዓመት በላይ ለሆነ ሾፌር በስልክ መመዝገብ ነበረበት። ኪራ ስልኩን አንስታ ደወለች፣ ድምፁንም ለሁላችንም ከፈተችው። አንዲት ትሁት ሴት ስለ መኪናው፣ ስለ ኪራ፣ መኪናው ስለሚያድርበት ቦታ ጠየቀቻት። በመጨረሻ ከእሷ ሌላ መኪናውን የሚነዳ ሰው መኖሩን ጠየቀች። ኪራ እኔን አላየችኝም።

"አለ" አለች። "ሌስሊ ሃሮልድ ፕሪዊት። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።"

"ባለፉት አምስት ዓመታት ያደረሱት አደጋ አለ?"

ሌስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "በስልሳ ሰባት ዓመት ውስጥ የለም ብለሽ ጻፊ።"

ሴትዮዋ የአምስት ዓመት ቦታ ብቻ እንዳላት ነገረቻቸው። "እንግዲያው አምስቱን ጻፊና የቀረውን አንቺ እወቂው" አሏት። ክፍያው ከፍ እንደሚል ኪራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። "አውቃለሁ" አለች ልጄ። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ገንዘቡም የእሷ ነው።

ሌስ ሊሄዱ ሲነሱ በሩ ላይ ቆም አሉና በዝግታ "ጃኔል፣ ቅድም የረገጥሽው የእኔን እግር ነው" አሉኝ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ኪራ ሥራዋን ጀመረች። ካንጋሮ ከፊቷ ቢገባ መሪውን እንዳትጠመዝዝ፣ ፍሬን ይዛ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ሌስ አጥሩ ላይ ተደግፈው ለሰባተኛ ጊዜ ነገሯት። ረፍት ቀኗ ሲደርስ መኪናውን አጥባ እሳቸው ጋራዥ ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ውጭ አድርጋ ታቆምላቸዋለች። ትንሹን ፈቃድ ከተቀበሉ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ሌስ ወደ ዳፍኒ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። በሠላሳ ነው የነዱት፤ መንገዱ ላይ ነፍስ የሚባል ነገር ሳይኖር ፍሬቻ አሳይተው ታጠፉ። ተመልሰው ሞተሩን እስኪያጠፉ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

ክረምቱ ሲገባ መውጣቱን ተዉት። ጉልበታቸው አስቸገራቸው። ኪራ መኪናውን ማምጣቷን ግን አላቆመችም፤ እሳቸውም ጋራዡ ውስጥ በሾፌሩ ወንበር ተቀምጠው የፈረስ ውድድር በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ወንበሩን ወደ መሪው አስጠግተው ነው የሚቀመጡት። ኪራ እግሯ ረጅም ስለሆነ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ኋላ መመለስ አለባት። "የሌስን ወንበር" እያለች ትነጫነጭ ነበር።

በጥር ወር አንድ ሌሊት ተኝተው ሳለ አረፉ። ሴት ልጃቸው ከሲድኒ መጥታ ቀበረቻቸው፣ ዳፍኒ አጠገብ። ከቀብሩ በኋላ ኪራ መኪናዋን ከጋራዡ ልታወጣ ገብታ ጉልበቷን ከመሪው ጋር አጋጨች። ወንበሩ እንደተጠጋ ነበር። እንደዚያው ተቆራምዳ ሁለት ቀን ደቦ ድረስ ነዳችው። በሦስተኛው ቀን ወገቧን አሟት ወደ ኋላ መለሰችው።

በየካቲት የኢንሹራንሱ ዓመት አለቀ። ከሥራ ስገባ ኪራ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ከፍታ ነበር። ያነሳችው የአምናዋ አይደለችም፣ ሌላ ሴት ናት። ከአምናው የተለወጠ ነገር መኖሩን ጠየቀቻት።

"አንድ ሾፌር ይወጣል" አለች ኪራ።

ሴትዮዋ ምክንያቱን ጠየቀች፤ መንጃ ፈቃዳቸውን መልሰው ነው ወይስ ቤት ቀይረው?

"አርፈዋል።"

"አዝናለሁ" አለች ሴትዮዋ። ስትጽፍ ይሰማናል። ከዚያ ድምፅዋ ደመቅ አለ፤ አልፈርድባትም፣ እንደዚያ እንድትል ነው የተቀጠረችው። "ደስ የሚል ዜና አለኝ። ክፍያሽ ከአምናው በሦስት መቶ አራት ዶላር ቀንሷል።"

ሴትዮዋ ኪራ አሁንም መስመር ላይ መኖሯን ጠየቀች።

"አለሁ" አለች። "አሮጌውን ወረቀት መጣል አለብኝ?"

"አዲሱ ከመጣ በኋላ አያስፈልግሽም።"

ኪራ አመስግና ዘጋች። እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ "ስንት መጣ?" አልኳት።

"ቀነሰ" አለችኝ፣ ከዚያም ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

አቀፍኳት። ያ ገንዘብ እንዳይከፈል ጠረጴዛ ስር የሽማግሌ እግር የረገጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ጭማሪ አግኝቶ ሲመለስልን የምገባበት ጠፋኝ፤ ከልጄ ይልቅ አብዝቼ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። አሮጌው ወረቀት እስካሁን የመኪናዋ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ነው፣ ከአዲሱ ሥር።